ግማቱን የለመደው ድልድይ

ቶሎ የሚቀፈኝ ሰው ነኝ። ካፌ ገብቼ ብርጭቆው ላይ የሌላ ሰው ከንፈር ያረፈበት ምልክት ካየሁ ሻዩን ትቼ እወጣለሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ባል ቤት ስትገቢ ምን ይውጥሽ ይሆን» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ብርጭቆ አይደለም። ባለፈው ግንቦት በሁለት ቀን ውስጥ ስላየሁት፣ ስለነካሁትና ስላሸተትኩት ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ የበቆሎ ጥብስ የያዘ ሰው ሲያልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ከሁሉ በላይ የቀፈፈኝ ግን በቆሎው አልነበረም።

አስቀድሜ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሰሚራ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ቡሬ ነው፤ አባቴ ሐጂ ኑሩ የእህል ነጋዴ ናቸው። እህል ሲገዙ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያ ውስጥ ከትተው ይቆያሉ፣ ከዚያ ከሥር አንድ ፍሬ ያወጡና በጥርሳቸው ሰብረው «ይኸ አልደረቀም፣ መልሰህ አስጣው» ይላሉ። ያንን ሳይ ያንገሸግሸኝ ነበር። የስንቱ ሰው ላብና የስንቱ ነቀዝ ያረፈበትን ፍሬ እንዴት ሰው አፉ ውስጥ ይከታል? ኤሌክትሮኒክስ የተማርኩት ከዚያ ለመሸሽ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም። ያኔ ፍኖተ ሰላም በሚገኝ ኮሌጅ አስተምር ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ዘጠኝ ነበር፤ በራሴም በጣም እኮራ ነበር።

ፕሮጀክታችንን የሚመራው ዶክተር ማንያዘዋል ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ አንተ ብዬ ብጠራው ቅር አይበላችሁ። ውጭ አገር ቆይቶ ሲመለስ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቺፕ ይዞ መጣ። እንደ ተራው ኮምፒውተር አይደለችም፤ የሰው አንጎል የሚሠራበትን መንገድ ተከትላ የተሠራች ናት። አንጎላችን ሁሉንም ነገር ሁልጊዜ አያዳምጥም። የለበሳችሁት ሸሚዝ ቀኑን ሙሉ ቆዳችሁን ሲነካ ይውላል፣ ግን አታስታውሱትም፤ በሸሚዙ ሥር አንዲት ጉንዳን ብትሄድ ግን ወዲያው ትነቃላችሁ። ቺፗም እንደዚያ ናት። የተለወጠ ነገር ሲኖር በአጭር ትርታ ይነገራታል፣ ለውጥ ከሌለ ታንቀላፋለች። ስለምታንቀላፋም የምትበላው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ይበቃታል፣ ኔትወርክም አትፈልግም። መብራትና ኔትወርክ ባሻቸው ቀን ለሚጠፉበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ፣ ገበያ ላይ የሚገኘው ተራ ሴንሰር የእሷን ቋንቋ አያውቅም። የሙቀት ሴንሰር «ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ ይውላል። ቺፗ ደግሞ ትርታ እንጂ ልፍለፋ አትሰማም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ተቀምጦ የሴንሰሩን ቁጥር ወደ ትርታ የሚለውጥ ሌላ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ያንን ሰሌዳ የሠራሁት እኔ ነኝ። «ድልድዩ» ብለን እንጠራዋለን። እያንዳንዱን ሽቦ የበየድኩት፣ ፕሮግራሙንም መስመር በመስመር የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሕጉ ቀላል ነበር፤ ሙቀቱ ከመነሻው በግማሽ ዲግሪ ከተቀየረ አንድ ትርታ ላክ፣ ካልተቀየረ ዝም በል።

የሞከርነው ከማንኩሳ ወረድ ብሎ በሚገኝ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ነው። አባላቱ በቆሏቸውን ለክረምት እዚያ ያስቀምጣሉ። ክረምት ሲገባ የቤታቸው ጎተራ ይሟጠጣል፤ እሸት እስኪደርስ ድረስ ልጆቻቸው የሚበሉት መጋዘን ያለውን ነው። በቆሎ ከረጠበ ውስጥ ውስጡን ይሞቃል፣ ከሞቀ ይሻግታል። ሴንሰሮቹን በየጆንያዎቹ መካከል ቀበርናቸው። ቺፗ ሙቀቱን ገና ሲጀምር ታውቅና በሩ ላይ የሰቀልነውን መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ትቀይራለች፣ ያኔ እህሉ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሐሳባችን ይህ ነበር።

የመጋዘኑ ጠባቂ አያ ጫኔ ይባላሉ። ስልሳውን የተሻገሩ፣ ቤተሰባቸው ከአዊ የመጣ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። አሠራራቸው እንደ አባቴ ነው። ጠዋት ጠዋት በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱና በየተራ ጆንያዎቹ ውስጥ ክንዳቸውን እየከተቱ ያሸታሉ።

የእኔን ሥራ ያበላሸው ይኸው የእሳቸው ሥራ ነበር። በሩን በከፈቱ ቁጥር ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ሴንሰሮቹ ለውጥ ያያሉ፣ ድልድዬ ትርታ ያዘንባል፣ መብራቱ ይቀላል። «ልጄ፣ መብራቱ ደም መስሏልና ድረሽ» ብለው ይደውላሉ። ሁለት ጊዜ በባጃጅ እየተንገጫገጭኩ ሄድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ በቆሎው ደኅና ነበር። ቀን ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል፣ ማታ ሲቀዘቅዝም መብራቱ እንዲሁ ይቀላ ነበር።

«ይህን ነገር ዝም አሰኚልኝ» አለኝ ዶክተሩ። «ፕሮጀክቱን የሚረዱት እንግዶች ሊያዩት ሊመጡ ነው። በሆነ ባልሆነው የሚቀላ ነገር ነው የማሳያቸው?»

ዝም አሰኘሁለት። በመጀመሪያ አያ ጫኔን በሩን እንዳይከፍቱ፣ ክንዳቸውንም ጆንያ ውስጥ እንዳይከቱ አዘዝኳቸው። «መብራቱ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ምንም ነገር አይንኩ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ። ከዚያ ፕሮግራሙ ላይ ሦስት መስመር ጨመርኩ። ድልድዩ በየሰዓቱ የቀድሞውን ቁጥር ረስቶ አሁን ያለበትን እንደ መነሻ እንዲቆጥር አደረግኩት። የቀንና የማታው ሙቀት ቀስ እያለ ሲወጣና ሲወርድ እንዳያስቸግረን ብዬ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ዶክተሩ ባልደረቦቼ ፊት አጨበጨበልኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። ያ ደስታዬ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ይቀፈኛል።

ከዚያ መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ። ምክንያቱን ለአገሬው ሰው መንገር አያስፈልግም። ከሦስት ሳምንት በላይ መጋዘኑን ሳናየው ቀረን። በዚያው ሰሞን ከወትሮው የከበደ ዝናብ ዘነበ። መንገዱ ሲከፈት እንግዶቹ «ነገ እንመጣለን» አሉ፤ እኔና ዶክተሩም አንድ ቀን ቀድመን ለማዘጋጀት በጠዋት በመኪናው ተነሣን።

ስንደርስ አያ ጫኔ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል። በላያቸው መብራቱ አረንጓዴ ነው።

«እንዴት ከረሙ፣ አያ ጫኔ» አልኩ። «በቆሎው እንዴት ነው?»

ቀና ብለው መብራቱን አዩ። «ደኅና ነው ይላል።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔማ ምን አውቄ፣ ልጄ።»

ዶክተሩ ሳቀና ስልኩን አውጥቶ መብራቱን ፎቶ አነሣ። እኔ ወደ ታች ነበር የማየው። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ነቀዝ እየተግተለተለ ይወጣል። አንዳንዱ ግድግዳው ላይ፣ አንዳንዱ ወደ ጫማችን ይሄዳል። አንዱን ስረግጠው ቀጭ ሲል በጫማዬ ውስጥ ተሰማኝ።

አያ ጫኔ ቁልፉን አዙረው በሩን ሲገፉት ግማቱ ወጣ። ግማት ስል ዝም ብሎ መጥፎ ሽታ እንዳይመስላችሁ። የኮመጠጠ ሊጥ፣ የከረመ አተላና ያልታጠበ እግር አንድ ላይ ታሽጎ ከርሞ የተከፈተ ነው የሚመስለው። ምላሴ ላይ ተቀመጠ። አየሩም ሞቃትና እርጥብ ስለነበር ፊቴ ላይ የሰው ትንፋሽ የተነፈሰብኝ መሰለኝ።

ከፊት ያሉት ጆንያዎች ለዓይን ደኅና ናቸው። ወደ ኋላው ግድግዳ ስንጠጋ ግን ጣራው ላይ አንድ ሚስማር ተነቅሎ ብርሃን በቀዳዳው ይገባል። በዚያ ቀዳዳ ሥር ያለው ክምር እስከ ወለሉ ጠቁሯል። ዶክተሩ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ «ላይ ላዩን ብቻ ይሆናል፣ እስቲ ውስጡን እዩት» አለ።

አያ ጫኔ የአንዱን ጆንያ አፍ ፈቱና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

«ይክተቱታ» አልኳቸው።

«እንዳልነካ ታዝዣለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። አነጋገራቸው የቂም አልነበረም። ያዘዝኩትን ነው የነገሩኝ።

እጅጌዬን ሰብስቤ ራሴ ከተትኩት። ላይኛው አረንጓዴ አቧራ ቦነነና ከንፈሬ ላይ አረፈ። ከሥሩ ፍሬው ተጋግሮ እንደ ዳቦ ይቆረሳል። ከዚያም በታች ትኩስ ነው፤ ትኩስና ለስላሳ፣ ደግሞም ይንቀሳቀሳል። ትሎቹ በጣቶቼ መሐል ሲያልፉ ተሰማኝ። ክንዴን መዝዤ ሳወጣው እስከ ክርኔ አረንጓዴና ነጭ ተለቅልቋል። ወደ ደጅ ሮጬ ወጣሁና ግድግዳውን ተደግፌ ጠዋት የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩ።

አፌን እየጠረግሁ ቀና ስል መብራቱ ቀላ።

«ይኸው ቀላ» አለ ዶክተሩ ከውስጥ እየወጣ። ደስ ብሎት ነበር። «ሠርቷል እኮ።»

አልሠራም። የቀላው ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በሩን ስለከፈትን ንጹሕ አየር ገብቶ ነው። ድልድዬ ሳምንታት ሙሉ ከግማቱ ጋር ተስማምቶ አንቀላፍቶ ከርሞ፣ አሁን ንጹሕ አየር ሲነካው ጮኸ። ላፕቶፔን አውጥቼ ከሴንሰሩ ጋር በቀጥታ አገናኘሁት። አርባ ስድስት ዲግሪ ይላል። የቀደመውን መዝገብ ከፍቼ አየሁ፤ ሃያ ሁለት፣ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ አንድ፣ አርባ። ሴንሰሩ አንድም ቀን አልዋሸም። ሙቀቱ ግን የጨመረው በሰዓት የአንድ ዲግሪ ሃያኛ ያህል ብቻ ነው። ድልድዬ ግማሽ ዲግሪ እስኪሞላለት ይጠብቃል፣ ሳይሞላ ሰዓቱ ያልቃል፣ የነበረውን ይረሳል፣ አዲሱን ግማት እንደ ጤና ቆጥሮ እንደገና ይጀምራል። ቺፗ አንዲት ትርታ እንኳ አልደረሳትም። አፏን ለጉሜ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ለዶክተሩ ነገርኩት። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ደኅናዎቹን ወደ ፊት እናመጣለን፣ የተበላሸውን ከኋላ በሸራ እንሸፍነዋለን። ነገ እኔ ማንቆርቆሪያ ሙሉ የፈላ ውሃ ይዤ ሴንሰሩ አጠገብ አፈስሳለሁ፣ መብራቱ ይቀላል፣ ያጨበጭባሉ፣ ይሄዳሉ።»

«በቆሎውስ?»

«ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከደኅናው ጋር ይቀየጣል። የባሰው ለአረቄ ይሆናል፤ ገበሬውስ ቢሆን ሌላ ጊዜ የሻገተውን የት ያደርሰዋል? ሰሚራ፣ ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው።»

ይህን ሲል አንድ ነቀዝ የሸሚዙ ኮሌታ ላይ ወጥቶ ነበር። አልነገርኩትም።

እስከ እኩለ ቀን ሦስታችንም ጆንያ ስንጎትት ዋልን። አዎ፣ እኔም ጎትቻለሁ። ነገ የሚመጡት እንግዶች፣ በሚታተመው የጥናት ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ስሜ፣ አባቴ ለሰው ሁሉ «ልጄ መሣሪያ ፈለሰፈች» ማለታቸው ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞር ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዶክተሩ ከመኪናው ሳህን አወጣ፤ እንጀራ በምስር ነበር። ደጅ ዝናብ ስለጀመረ እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ከበብነው። አያ ጫኔ አልበላም ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

እየበላን ሳለ አንዲት ሴት በቁማቸው ደጁን ሞሉት። ወይዘሮ ጥሩዬ ይባላሉ፣ የማኅበሩ አባል ናቸው። አህያ እየነዱ ነው የመጡት።

«እንዴት ዋላችሁ። ቤቴ ባዶ ሆነብኝ፣ አንዷን ጆንያዬን ኸወፍጮ አድርሼ ልምጣ ብዬ ነው» አሉ። ጆንያዋ ከመካከለኛው ረድፍ ነበረች፤ አፏ በቀይ ክር የተሰፋ። አያ ጫኔ ሲያወጧት ከላይ ያለው ፍሬ ቢጫ ነው፣ ነገር ግን የብዙው አናት ጠቁሯል። ወይዘሮ ጥሩዬ እፍኝ ዘግነው አሸተቱ።

«ይኸ ነገር ይሸታል።»

«የነቀዝ መድኃኒት ነው» አለ ዶክተሩ እየጎረሰ።

እሳቸው እሱን አላዩትም። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የሐጂ ኑሩ ልጅ ነሽ አሉኝ። አባትሽን አውቃቸዋለሁ። አንቺ ንገሪኝ እስቲ፣ ልጆቼ ይብሉት?»

ጉሮሮዬ ላይ ምስር ነበረ። ዋጥኩት።

«ታጥቦ ይበላል» አልኩ።

«እንግዴህ አንቺ ካልሽ» አሉና አህያቸውን ጭነው ሄዱ።

እኔም ቀጥዬ በላሁ። ሁለት ይሁን ሦስት ጊዜ ጎርሻለሁ። ከዚያ እጄ ወደ ሳህኑ ሲሄድ ጥፍሮቼን አየሁ። ታጥቤያለሁ፣ ግን በጥፍሮቼ ሥር አረንጓዴው ቀርቷል። በዚያ እጅ ነው የምበላው። ደግሞም እየጣፈጠኝ ነው። ከካፌ ብርጭቆ የምሸሽ ሴት፣ ትል በጣቶቼ መሐል ከሄደ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ የሻጋታ ክምር ላይ ተቀምጬ እያጣጣምኩ እበላለሁ። ማሽተት ሞከርኩ። ምንም የለም። መጋዘኑ ምንም አይሸትም።

ተነሥቼ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። ትንሽ ራቅ ብዬ ጥቂት ቆየሁና ተመለስኩ። በሩ ላይ ስደርስ ግማቱ እንደ ጠዋቱ በጥፊ መታኝ። የትም አልሄደም፤ እኔ ነኝ የለመድኩት። ድልድዩ ላይ የጻፍኳቸው ሦስት መስመሮች በእኔ ውስጥም አሉ፤ በየሰዓቱ ያለሁበትን ግማት ጤና ነው ብዬ እቆጥራለሁ። ጠዋት ሻጋታውን ተጸየፍኩ፣ እኩለ ቀን ላይ ደበቅኩት፣ በምሳ ሰዓት ለሰው ልጆች ሰጠሁት። እያንዳንዱ እርምጃ ከፊተኛው በጥቂት ብቻ ነበር የሚበልጠው። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ራሴን የተጸየፍኩበት ጊዜ የለም።

ዶክተሩ «ወዴት ነሽ?» ሲለኝ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ወደ ማንኩሳ የሚወስደውን ጭቃ መንገድ ሮጥኩ። ወፍጮ ቤቱ ለሚራመድ ሰው ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ አልተመለስኩለትም። የወፍጮው ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል፣ ባቆመ ብዬ እመኛለሁ፣ አያቆምም። ስደርስ በር ላይ የቆመው አህያ ጭነቱ ወርዶለታል። ውስጥ ሴቶች ተሰልፈዋል፤ ወይዘሮ ጥሩዬ ተራቸው ደርሶ ባለወፍጮው ቀዩን ክር በቢላ በጥሶ ጆንያዋን አንሥቷል።

«አትጨምረው» አልኩ። ድምፄን ስላልሰማ ክንዱን ያዝኩት። ሞተሩን አጠፋው። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ አንድ እግሬ ባዶ ነበር።

«አይበላም» አልኳቸው ለወይዘሮ ጥሩዬ። «ሻግቷል። መጋዘኑ ከኋላ በኩል በስብሷል፣ ሻጋታው መርዝ አለው፣ ቢታጠብም ቢጋገርም አይለቅም። እንዲህ የሆነው በእኔ ጥፋት ነው። መብራቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ቅድም ታጥቦ ይበላል ያልሽኝ አንቺ አልነበርሽም?»

«ነኝ።»

«ያኔ አታውቂም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ዓይናቸው ወደ እጄ ወረደ። ጥፍሮቼን አዩ፣ ምስሩንም ጣቴ ላይ አዩ። ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ፣ እንዳልነካቸው።

«በዚህ እጅ ነው የበላሽው?» አሉኝ።

ብዙ ተሰድቤ አውቃለሁ፤ እንደዚህች ጥያቄ የገባብኝ ስድብ የለም።

በማግስቱ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት የመጋዘኑ ግቢ በሰው ሞልቶ ነበር። ወሬው ከወፍጮ ቤቱ በዱቄት ተሸካሚዎች በኩል በየቤቱ ገብቷል። ዶክተሩ ማንቆርቆሪያውን ይዞ መጥቷል፤ ሕዝቡን ሲያይ መኪናው ውስጥ መልሶ አስቀመጠው። እኔ ሸራውን ገፈፍኩና ሁለቱንም የበሩን መዝጊያዎች ከፈትኩ። እንግዶቹ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆዩም። አንዷ አፍንጫዋን ይዛ መኪና ውስጥ ገባች፣ ሌላው ምን እንደሆነ ጠየቀ። ዶክተሩ ቀደመኝ፤ «ጠባቂው መመሪያ ጥሶ ነው» አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። «ጠባቂው መመሪያዬን አንድም ቀን አልጣሱም፣ የተበላሸውም ስላልጣሱ ነው» አልኩና ያደረግኩትን ሁሉ ከነሦስቱ መስመሮች ተናገርኩ። ያ ለእኔ የፕሮጀክቱ መጨረሻ ሆነ።

ገበሬዎቹ ራሳቸው ግን ሌላ ክርክር ገጠሙ። «የባሰው ለአረቄ ይሁን፣ እህል ነው፣ አፈር አይገባም» የሚሉ ነበሩ። አተላውን ከብት እንደሚበላው፣ የከብቷን ወተት ልጅ እንደሚጠጣው አስረዳሁ። ያሳመንኳቸው ግን እኔ አልመሰለኝም። ወይዘሮ ጥሩዬ ምንም ሳይናገሩ የመጀመሪያውን ጆንያ ጎትተው የሻገተው እንዲቀበርበት በግቢው ጥግ በተቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ ዘረገፉት፤ የራሳቸው ነበር። ከዚያ ሌላው ተከተለ። እስከ ማታ ተደፋ፤ እኔም ከእነሱ ጋር አካፋ ይዤ ዋልኩ። ከፊት የተረፈውን ደኅና በቆሎ፣ የማን ነው የማን አይደለም ሳይሉ፣ ለሁሉም ቤት እኩል አካፈሉት። ለክረምቱ አልበቃቸውም።

አሁንም ያንን ድልድይ እሠራለሁ፣ በራሴ ጊዜ። ዛሬ የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ምንጊዜም አይረሳም፤ ሌላውን ቢረሳ ያንን ይዞ ይቆያል። ሙያው ለናንተ ላይጠቅማችሁ ይችላል። አንድ ነገር ግን ያዙልኝ። አንጎል የሚለምደው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሁሉን ነገር ሁልጊዜ ቢሰማ ያብድ ነበር። ሆኖም እናንተም በየቤታችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ የለመዳችሁት ግማት አይጠፋም። ከውጭ የገባ ሰው አፍንጫውን ሲይዝ ካያችሁ «ይኸ ደግሞ ማን ነኝ ሊል ነው» አትበሉ። ወጣ ብላችሁ ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ፍረዱ። እኔን የማያስመልሰኝ ነገር ከሚያስመልሰኝ ይልቅ ያስፈራኛል።

አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ መሸከም አቅቶኛል። ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ፣ ሰው ሲበተን፣ አያ ጫኔ አካፋቸውን እያራገፉ ሳለ ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አያ ጫኔ፣ ይኸ ሁሉ ሳምንት በሩ ላይ ሲቆሙ አልሸተተዎትም?»

«ሸተተኝ እንጂ» አሉ። «መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ አፍንጫዬ ግን ይገማል ይለኛል። እናንተ የተማራችሁት አትሳሳቱም፣ የታመመው የእኔ አፍንጫ ነው ብዬ ሰባት ቀን ጠበል ገባሁ።»

አካፋውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ።

«ጨርሼ ብመለስ ያው ነው። አልሽር አለኝ፣ ልጄ።»